የተጨመረልኝ ሰዓት

በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከሰበታ ወጣሁ። ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። አውሮፕላኑ እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው ቢሉንም ከዓለም ገና እስከ አየር ጤና ያለው መንገድ በክረምት አይታመንምና ገና ሳይመሽ ተነሳን። እህቴ ብርቄ ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ቦርሳዬ ውስጥ ሸጎጠችልኝ። ልጄ ሜላት አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። መኪናው ውስጥ ከጎኔ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ እኔም አላለቀስኩም፤ ሁለታችንም አንዳችን ሌላችንን ፈርተን ነው።

«ማሚ፣ እስከ መቼ ነው?» አለችኝ።

«ወረቀቴ እስኪታወቅ ነው። ከዚያ አስመጣሻለሁ።»

«ወረቀትሽ አልታወቀም እንዴ?»

«እዚህ ታውቋል። እዚያ ደግሞ እነሱ ያዩታል።»

«አንድ ወረቀት ስንቴ ነው የሚታየው?»

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ብዙ ሰው የዚያን ወረቀት ወንድም በቦርሳው ይዞ ሊመጣ እየተዘጋጀ እንደሆነ እሰማለሁና የደረሰብኝን ልንገራችሁ።

ወረቀቴ የነርስ ዲግሪ ነው። የተማርኩት በማታ፣ ቡራዩ ላይ ነው። የሜላት አባት ካረፈ በኋላ ሰበታ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። ማታ ማታ ልጄን አዝዬ በሁለት ታክሲ ቡራዩ እሄዳለሁ። እሷ የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢ ለብሳ ትተኛለች፣ እኔ እማራለሁ። አንድም ቀን «ልጅ ይዘሽ አትግቢ» ያለኝ የለም። የኮሌጁን ስም የማልጠራው ለዚህ ነው። ባለውለታዬ ነው።

ኮሌጁ ሦስት ቅርንጫፍ ነበረው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። የማታ ነርሲንግ ያለው ቡራዩ ብቻ ነው። በሩ ላይ በሦስት ቋንቋ «ዓለም አቀፍ ደረጃውን የጠበቀ» ተብሎ ተጽፏል። ደረጃው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠብቀው አልጠየቅንም።

የልምምድ አሻንጉሊት አንድ ነበረን፣ ለሦስቱም ቅርንጫፍ። ትልቅ ሰው የሚያህል፣ ደረቱን ሲጫኑት ትንፋሽ የሚያወጣ። ኦቦ ፈይሳ እንላቸው ነበር፤ አንቱ ብለን ነው የምንጠራቸው። በአይሱዙ ይመጣሉ፣ በአይሱዙ ይሄዳሉ። አብረዋቸው የመጻሕፍት ካርቶኖችና ማይክሮስኮፖች ይመጣሉ፤ አንዳንዴ መምህራንም። ኦቦ ፈይሳ ቡራዩ ከወረዱ ነገ ተቆጣጣሪዎች አሉ ማለት ነው። «ነገ ጥራት ይመጣል» እንባባላለን፣ ከገጠር እንደሚመጣ ዘመድ። ጥራት ይመጣል፣ ያያል፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። እኛ ነጭ ጋውን ለብሰን ተሰልፈን እንሸኘዋለን። ወዲያው ኦቦ ፈይሳ ለሱሉልታ ይጫናሉ። ክፍላችን ያለ አንድ ልጅ «እሳቸው የሱሉልታን ብርድ እንዴት ይችሉታል፣ ልብስ እንኳ የላቸው» እያለ ያስቀን ነበር።

እንስቅ ነበር። አልዋሽም፣ መማሩንም ተምሬያለሁ። ጤና ጣቢያ ለልምምድ ስንወጣ የምትቆጣጠረን ሲስተር ለስህተት ይቅርታ የላትም ነበር። ተመርቄ በዚያው በማጸዳው ክሊኒክ ነርስ ሆንኩ። ባለቤቱ መጥረጊያዬን ከእጄ ተቀብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ሲስተር ጽጌ ናት» ሲል ሰው አጨበጨበ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያን ቀን አይቻለሁ።

ከዓመታት በኋላ አንድ ወኪል ጀርመን ነርስ ትፈልጋለች አለን። ቋንቋውን አዲስ አበባ ተማርኩ። ሥራው ያለው ካሰል የምትባል ከተማ ነው። ወኪሉ «ወረቀትሽ እዚያ ስትደርሺ በጥቂት ወር ይታወቃል» አለኝ። ይህንን መታወቅ እዚህ አነርኬኑንግ ይሉታል። ካልታወቀልሽ ነርስ አይደለሽም፣ ሄልፈሪን ነሽ። ረዳት ማለት ነው።

እንደ ረዳት ጀመርኩ፤ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ። አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ አንሶላ እቀይራለሁ። መርፌ መንካት አይፈቀድልኝም። ሽማግሌዎቹን እወዳቸዋለሁ። እኛ አገር ቢሆኑ ደጅ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አላፊ አግዳሚውን የሚመርቁ ሰዎች ናቸው፤ እዚህ ግድግዳ እያዩ ይውላሉ። ለቤተሰቤ በስልክ «ነርስ አይደለሁም፣ ረዳት ነኝ» ብያለሁ፣ ደጋግሜ። ድሮም ቁጥብ ስለሆንኩ ትህትና መሰላቸው።

የሱሉልታን ብርድ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ይነክሳል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቃል። የዚህ አይነክስም። ቤት እንደ መጣ እንግዳ ይቀመጥባችኋል፣ እስከ ሚያዝያ አይነሳም። እንጀራ ሩቅ ከተማ ይሸጣል፤ በበረዶ ደርቆ ይመጣና ሲፈታ ይፈራርሳል። ጾም ግን አይቸግርም። ኢቫ የምትባል ፖላንዳዊት የሥራ ባልደረባ አለችኝ፤ እሷም እንደኔ ረዳት ናት። ምሳዬን አይታ ጠየቀችኝ።

«ቪጋን ነሽ?»

«ረቡዕና ዓርብ ነኝ።»

«እሑድስ?»

«እሑድ ሥጋ ከተገኘ እበላለሁ።»

«እንደዚህ ዓይነት ቪጋን አይቼ አላውቅም።»

«ሁዳዴ ይግባና ታይኛለሽ።»

የተከራየሁት ቤት ባለቤት ሄር ክራውዘ፣ አቶ ክራውዘ ማለት ነው፣ ከእኔ በታች ነው የሚኖረው። በመጀመሪያው ወር መጥቶ አንኳኳ። ሕግ ያለበት ፊት ይዞ ቆመ።

«ጎህ ሳይቀድ ድምፅ እሰማለሁ» አለኝ። «ከማን ጋር ነው የሚነጋገሩት?»

«ከእግዚአብሔር ጋር።»

አሰበ። «በየቀኑ?»

«በየቀኑ።»

«እሱ ቀስ ብለው ቢያናግሩት አይሰማም?»

ሃይማኖት የለኝም የሚል ሰው እንደዚህ ያለ ስብከት ሰብኮኝ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በልቤ ነው የምጸልየው።

አንድ ቀን አለቃችን ሰበሰበችንና በሳምንቱ ፕሩፉንግ አለ አለችን። ፍተሻ ማለት ነው። የአረጋውያን ቤቶችን እየዞሩ የሚያዩ ሰዎች አሉ። ቀኑ ሲደርስ በየጠረጴዛው አበባ ተቀመጠ። ሁለት የማናውቃቸው ነርሶች ድርጅቱ ካለው ሌላ የአረጋውያን ቤት በመኪና መጡ። የዕለቱ ምሳ ላይ ፍራፍሬ ተጨመረ። አንዱ ሽማግሌ ብርቱካኑን አገላብጦ አየና «ማን ሞቶ ነው?» አለ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳቄ አልቆም አለኝ።

«ምን ያስቅሻል?» አለችኝ ኢቫ።

«ዘመድ መጥቶብኝ ነው።»

ፈታሾቹ ቡና ጠጥተው ሄዱ። ሁለቱ ነርሶችም በመጡበት መኪና ተመለሱ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ ግን ሳቁ ከእኔ ጋር አልሄደም። ያው ነው ብዬ ነበር የሳቅኩት። ያው አይደለም። የእነሱ ወረቀት የትም አገር ይታመናል። የእኛ ተቆጣጣሪ የፈረመው ቦሌን አይሻገርም።

ወኪሉ ያለው ጥቂት ወር ዓመት አለፈው፤ ሌላም ተጨመረበት። ያለ አነርኬኑንግ ሜላትን ማምጣት አልችልም። ማመልከቻዋም አሥራ ስምንት ሳይሞላት መግባት አለበት፤ ልደቷ ጥር ላይ ነው። በመጨረሻ ወረቀቱን የሚያየው ቢሮ የተማርኩትን ሰዓት ጠየቀ። እያንዳንዱ ትምህርት በክፍል ስንት ሰዓት፣ በሆስፒታል ስንት ሰዓት፣ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን። ኮሌጁ ራሱ በቀጥታ ይላክልን፣ በእርስዎ እጅ አይምጣ አሉ።

ለኮሌጁ ዲን ደወልኩ። ኦቦ ደረጀ ይባላሉ። ያን ጊዜ ልጄን ይዤ እንድገባ የፈቀዱልኝ እሳቸው ናቸው። «አትጨነቂ፣ እኔ አለሁልሽ» አሉኝ። ሳምንት አልሞላም፣ ላኩ። በቅዳሴ ላይ ስማቸውን አንስቼ ጸለይኩ።

በመስከረም ቢሮው ጠራኝ። የተቀበለችኝ ፍራው ቤከር፣ ወይዘሮ ቤከር እንደማለት፣ የምትባል ጨዋ ሴት ናት። ውሃ ቀዳችልኝ። እዚህ ሰው ሲከለክላችሁም በእርስዎ ነው።

«ሰዓቱን ከኮሌጅዎ ተቀብለናል» አለችኝ። «እጅግ ብዙ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ።

«ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። የማታ ተማሪ ነበሩ?»

«አዎ።»

«ቀን ይሠሩ ነበር?»

«አዎ፣ በጽዳት።»

ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። «እዚህ ላይ ቀኑን ሙሉ ሆስፒታል ነበሩ ይላል። ማታም ሆስፒታል ነበሩ። በዚያው ማታ ደግሞ ክፍል ውስጥ ነበሩ። እሑድም እንዲሁ። የገና በዓላችሁ መቼ ነው?»

«በእናንተ ጥር ሰባት።»

«ያን ቀንም ነበሩ። መቼ ነበር የሚተኙት?»

«ያን ጊዜስ እውነትም አልተኛም ነበር።»

ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። እኔ አልቀለድኩም።

ወረቀቱን አየሁት። ማኅተሙ ጥርት ያለ ነው። ኦቦ ደረጀ ጨምረውልኛል፤ እኛ አገር ሰው ለመንገደኛ ስንቅ እንደሚጨምር፣ ይበቃል ብትሉት እንደማይሰማ።

«ሰውየው ደግ ናቸው» አልኳት። «ሊረዱኝ ብለው ነው።»

«ሊሆን ይችላል» አለች። «እኔ ግን ከዚህ ውስጥ የትኛውን እንደተማሩት፣ የትኛው እንደተጨመረ የማውቅበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ ምኑንም አልቆጥርም።»

«የሠራሁትንም?»

«የቱ እንደሆነ አላውቅማ።»

ድምጿ ክፋት የለበትም። ለዚህ ነው መከራከር ያቃተኝ። ሁለት መንገድ አለዎት አለችኝ። ወይ ኮሌጁ የታረመ ማስረጃ ከነመዝገቡ ይልካል፣ ወይ ነርስ መሆኔን በፈተና አሳያለሁ። የፈተናው ዝግጅት ተራ አለው። ተራው የሚደርሰኝ በሚመጣው በጋ ነው፤ በጋ እዚህ በእኛ ክረምት ነው። ከጥር በጣም ያልፋል።

ከቢሮው እንደወጣሁ ፌርማታው ላይ ቆሜ ደወልኩ።

«ሲስተር ጽጌ፣ አከም ጅርታ» አሉኝ ኦቦ ደረጀ።

«ፈያ ነኝ፣ ኦቦ ደረጀ።»

«ወረቀቱ ደረሰልሽ?»

«ደርሷል። ሰዓቱ በዛ።»

«ይብዛ እንጂ፣ ቢያንስ ነበር ችግሩ።»

«አላመኑትም። ቀንም ማታም ሆስፒታል ነበረች ይላል።»

«እንደዚያ ይላል?» አሉ። «ልጆቹ ናቸው ሲሞሉት ያላስተዋሉ። ታዲያ ስንት ላድርግልሽ?»

አውቶቡሴ መጣ፤ ሳልሳፈር አሳለፍኩት።

«አንቺ ልኩን ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ አስተካክዬ እልከዋለሁ። ለሌሎቹም እንዲሁ ነው የማደርግላቸው። ልጆቼ በሰው አገር ጎደለባቸው ሲባል አልወድም።»

«እውነተኛውን ይላኩልኝ።»

«የትኛውን እውነተኛ?»

«በየቀኑ እንፈርም ነበር እኮ።»

«ቡራዩ ተዘግቶ የለ። ዕቃው ሱሉልታ ሄደ፣ ወረቀቱ ሰበታ መጣ፣ ሰበታ ደግሞ ጎርፍ ገባብን። አንቺስ ያኔ ሰበታ አልነበርሽም?»

ነበርኩ። ያን ጎርፍ አስታውሰዋለሁ። ከክሊኒኩ ወለል ውሃ በባልዲ ስንቀዳ ነው የዋልነው።

«ተምረሻል አይደል?» አሉኝ።

«ተምሬያለሁ።»

«እኔም የጻፍኩት እሱን ነው፣ ልጄ።»

ቤት ገብቼ ልኩን ላስብ ተቀመጥኩ። መብራት ጠፍቶ በሻማ የተማርነው ይቆጠራል? መብራት ጠፍቶ ሻማም ጠፍቶ ዝም ብለን የተቀመጥነውስ? መምህሩ ሱሉልታ ያስተምራል ተብሎ እስኪመጣ የጠበቅነው? መንገድ ተዘግቶ አሸዋ ሜዳ ላይ ታክሲ ውስጥ ያደርኩበት? ጤና ጣቢያ ከተራዬ በላይ ቆይቼ ያዋለድኩት፣ ማንም ያላስፈረመኝ ሥራስ? አንዱን ስጨምር ሌላውን መቀነስ አለብኝ። አንድ ቁጥር ብጠራ ልጄ ትመጣለች። ካልጠራሁ አትመጣም። ለቀናት ተሸክሜው ሠራሁ። ከዚያ ለኦቦ ደረጀ «አይላኩ» ብዬ ጻፍኩላቸው።

ጽድቅ መስሏችሁ አታመስግኑኝ። ሐሰት መመስከር ፈርቻለሁ፣ እሱ አለ። ከዚያ በላይ ግን ነገሩን ፍራው ቤከር እንዳለችው ሆኖ አገኘሁት፤ የቱን እንደሠራሁት፣ የቱ እንደተጨመረልኝ እኔም መለየት አቃተኝ። ለፈተናው ተመዘገብኩ።

ጥር መጣ። ሜላት አሥራ ስምንት ሞላት። ሰበታ ኬክ ቆረሱላት፣ በስልክ አየሁ። ከማጨብጨቡ በኋላ ብርቄ ስልኩን ወደ ግድግዳው አዞረችው፤ እያለቀሰች እንደሆነ ገባኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ፣ ሜላት ራሷ ደወለች።

«ማሚ፣ አትዘኚ። ሌላ መንገድ አግኝቻለሁ።»

«ምን መንገድ?»

«አንቺ የተማርሽበት ኮሌጅ፣ እዚሁ ሰበታ ልመዘገብ ነው፣ ነርሲንግ። በራሴ ወረቀት እመጣለሁ። አሁን ስሙ ላይ ኢንተርናሽናል ተጨምሮበታል። ኦቦ ደረጀም ያንቺ ልጅ በመሆኔ ክፍያውን ቀነሱልኝ።»

«ማን መከረሽ?»

«ማን ይመክረኛል፣ በየቀኑ እያየሁሽ።»

«የት ነው የምታይኝ?»

«ባነሩ ላይ ነዋ። አክስቴ አልነገረችሽም? መናኸሪያው ፊት ለፊት ሰቅለውሻል፣ በምረቃ ጋውንሽ። ‹ተመራቂያችን ሲስተር ጽጌ፣ ዛሬ በጀርመን› ይላል። ታምሪያለሽ። የሐጂ የኑስ ልጅም አብራኝ ልትመዘገብ ነው፣ ነዒማ።» ሐጂ የኑስ ጎረቤታችን ናቸው፣ ባለሱቁ። «አባቷ እምቢ ብለዋት ነበር። ባነሩን ካዩ በኋላ ‹የጽጌ ልጅ ከገባች ግቢ› አሏት።»

«ሜላት፣ እኔ እዚህ ነርስ አይደለሁም።»

«እሱን ሁሌ ትያለሽ» ብላ ሳቀች። «አክስቴ ምን አለች መሰለሽ? ‹እናትሽ ብትሾም እንኳ ጽዳት ነኝ ነው የምትለው›።»

«ያ ወረቀት እዚህ አልሠራም። ያልመጣሽው ለዚያ ነው።»

«ያ የድሮው ነው፣ ማሚ። አሁን ተሻሽሏል።»

«ስሙ ነው የተሻሻለው።»

«እዚያ ያደረሰሽም እኮ እሱ ነው» አለችኝ፤ በቁጣ አይደለም፣ ልታጽናናኝ ነው። «እሱ ባይኖር ዛሬም ትጠርጊ ነበር።»

እውነቷን ነው። ያለ እሱ አውሮፕላን አልሳፈርም ነበር። አምጥቶኛል፤ አላስገባኝም። ይህንን ለልጅ በስልክ እንዴት ይነግሩታል?

«መቼ ነው የምትመዘገቡት?»

«ነገ፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ። ነዒማ ጠዋት ሱቅ ትይዛለች።»

«ደህና እደሪ» አልኳት።

በማግስቱ የጠዋት ተራ ነበረኝ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ለኢቫ ስልኬን ሰጠኋትና ፎቶ አንሺኝ አልኳት።

«ፀጉርሽን ልያዝልሽ?» አለችኝ።

«ይቅር።»

ነርሶቹ ሰማያዊ ነው የሚለብሱት፣ እኛ ግራጫ። ግራጫውን ለብሼ፣ ፖፖዎቹንና የቆሸሸውን አንሶላ የጫንኩበትን ጋሪ ይዤ፣ ደረቴ ላይ ሄልፈሪን የሚለው እንዲነበብ ቀና ብዬ ቆምኩ። ኢቫ «ፈገግ በይ» አለች። አላልኩም። ፎቶውን መጀመሪያ ለሜላት ላክሁ፤ «ለነዒማ አሳዪያት፣ ለአባቷም አሳዩአቸው፣ ከዚያ የምትወስኑትን ወስኑ» ብዬ ጻፍኩበት። ቀጥሎ ለኦቦ ደረጀ ላክሁ። «ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባነሩ ላይ ይህን ይስቀሉልኝ» አልኳቸው። መልስ ሳልጠብቅ ስልኩን የልብስ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከኮሪደሩ ጫፍ ደወል እየተደወለ ነበር፤ ጋሪዬን እየገፋሁ ሄድኩ።